በአንድ ጀንበር ያልተነጠፉ፦ የጥንታዊ ሮማ ከተሞች አውራ ጎዳናዎች

በሮማ ግዛት ሥር የነበሩ ከተሞች፣ ከብሪታንያ እስከ ሶርያ፣ ከሰሜን አፍሪካ እስከ ዳኑብ ወንዝ ዳርቻ፣ በስፋትም በሀብትም እጅግ ቢለያዩም፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ከበር እስከ በር የሚዘልቅ፣ ከሌሎቹ መንገዶች በስፋቱም በድንጋዩ ጥራትም የሚበልጥ አንድ አውራ ጎዳና ነበራቸው። ገበያው፣ ቤተ መቅደሱ፣ የሕዝብ መታጠቢያው፣ በኋለኛው ዘመንም ቤተ ክርስቲያኑ ፊቱን የሚያዞረው ወደዚህ ጎዳና ነበር፤ አገረ ገዥው በክብር የሚገባውም፣ ነጋዴው ሸቀጡን የሚዘረጋውም በዚሁ ነበር። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች፣ ማለትም ያለፈውን ዘመን ሕይወት ከመሬት በሚወጡ ቁሳዊ ቅሪቶች የሚያጠኑ ምሁራን፣ ባለፉት 150 ዓመታት ገደማ ከእነዚህ ጎዳናዎች ብዙዎቹን ከአፈር ሥር አውጥተዋል፤ የድካማቸውም ውጤት በመማሪያ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ሲደገም የኖረውን ሥዕል በእጅጉ ለውጦታል።

የተለመደው ሥዕል ይህን ይመስላል። ሮማውያን አዲስ ከተማ ሲቆረቁሩ ቀያሾቻቸው ግሮማ የሚባል መሣሪያ ይዘው ይወጡ ነበር፤ ግሮማ በቋሚ እንጨት ጫፍ ላይ የተጋደመ መስቀል ሲሆን፣ ከአራቱ ክንዶቹ በሚንጠለጠሉት ቱምቢዎች እየታገዘ ቀያሹ ቀጥ ያለ መስመርና ትክክለኛ ማዕዘን እንዲያወጣ ያስችለዋል። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው ዋና መስመር ካርዶ ማክሲሙስ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ደግሞ ዴኩማኑስ ማክሲሙስ ይባላል፤ ሁለቱ በሚገናኙበት አካባቢ ፎረም የሚባለው የገበያ፣ የፍርድና የአስተዳደር አደባባይ ይሠራል፤ የቀረው መሬትም እንደ ዳማ ገበታ እኩል በእኩል ይሸነሸናል።

ለዚህ ሥዕል አብነት የሚሆን ከተማ በእርግጥ አለ። በዛሬዋ አልጄሪያ የምትገኘውን ቲምጋድን ንጉሠ ነገሥት ትራያን እ.ኤ.አ. በ100 ከሠራዊቱ ለተሰናበቱ ወታደሮች መኖሪያ እንድትሆን ቆረቆራት፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። ፈረንሳውያን ከ1881 ጀምሮ ባካሄዱት ቁፋሮ በየጎኑ 350 ሜትር ገደማ የሆነና በሥርዓት የተሸነሸነ ከተማ ከአፈር ሥር ወጣ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያልፈው ጎዳና በጠንካራ የኖራ ድንጋይ የተነጠፈ ሲሆን፣ በምዕራብ ጫፉ የትራያን ቅስት ተብሎ በሚጠራው ባለ ሦስት መተላለፊያ ሐውልት ሥር ያልፋል፤ በንጣፉ ላይም መንኮራኩሮች የቦረቦሩት ዱካ ዛሬም በግልጽ ይታያል። ይሁን እንጂ በዚህች በጥንቃቄ በተቀየሰች ከተማ እንኳ ከሰሜን የሚመጣው ጎዳና ፎረሙ ፊት ሲደርስ ያበቃል፤ ቀጥ ብሎ ከተማዋን አቋርጦ አይወጣም። ከተማዋም ከመጀመሪያው ክልሏ ወጥታ ስትሰፋ አዲሶቹ ሠፈሮች የቀያሹን መስመር አልተከተሉም።

ቲምጋድን ልዩ የሚያደርጋት ግን ባዶ መሬት ላይ የተቆረቆረች መሆኗ ነው። አብዛኞቹ የሮማ ዘመን ከተሞች፣ በተለይም ከሜዲትራኒያን ባሕር በስተ ምሥራቅ ያሉት፣ ሮማውያን ከመምጣታቸው አስቀድሞ የነበሩ፣ የራሳቸው ቤተ መቅደስ፣ የራሳቸው ገበያና የራሳቸው ጠመዝማዛ መንገድ የነበራቸው ናቸው። ካርዶና ዴኩማኑስ የሚሉት ስሞችም በጥንታዊ ጽሑፎች ይበልጥ የሚገኙት ስለ እርሻ መሬት ቅየሳ በሚናገሩት ውስጥ ሲሆን፣ ለከተማ ጎዳና በስፋት መዋላቸው የኋለኛ ዘመን ምሁራን ልማድ ነው። ቁፋሮው በየቦታው የሚያሳየው ዋና ነገር አውራ ጎዳናው በሁለትና በሦስት መቶ ዓመታት ውስጥ፣ በብዙ ሰዎች ስጦታ፣ ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በተደረገ እድሳትና በማያቋርጥ ጥገና፣ ቁራጭ በቁራጭ እየተቀጣጠለ ያደገ የከተማው የጋራ ሀብት መሆኑን ነው። አንድ ንጉሥ ወይም አንድ ቀያሽ በአንድ ትእዛዝ የዘረጋው አውራ ጎዳና ብርቅ ነው።

የጀራሽ ንጣፍ

ይህን በቅርብ ለማየት ከጀራሽ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ከዮርዳኖስ መዲና ከአማን በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ በጥንት ስሟ ጌራሳ ትባል ነበር፤ በወንጌል አሥር ከተማ ተብሎ ከተጠቀሰው፣ በግሪክኛ ዲካፖሊስ ከሚባለው የከተሞች ስብስብም አንዷ ነበረች። ጀርመናዊው መንገደኛ ኡልሪክ ዜትሰን በ1806 ፍርስራሿን አይቶ ለአውሮፓ ምሁራን ካስታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በተለይ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንግሊዛውያንና አሜሪካውያን ባደረጉት ቁፋሮ፣ 800 ሜትር ያህል የሚረዝመው አውራ ጎዳናዋ መልኩ እየታወቀ መጣ።

ጎዳናው በደቡብ በኩል የሚጀምረው 90 በ80 ሜትር ገደማ ከሚሆንና ዙሪያውን በዓምዶች ከታጠረ ሞላላ አደባባይ ነው። የአደባባዩ ቅርጽ ለውበት ብቻ የተመረጠ አይመስልም፤ በአንድ ወገን ያለው የዜውስ ቤተ መቅደስና በሌላው ወገን የሚጀምረው ጎዳና በአንድ መስመር ላይ ስላልሆኑ፣ የዓምዶቹ ረድፍ እየዞረ ሲሄድ ይህን መዛነፍ ከዐይን ይሰውረዋል። ከአደባባዩ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው በግራና በቀኝ የሚያጅቡትን ዓምዶች ልብ ብሎ ካየ የጎዳናውን ታሪክ በእነሱ ላይ ማንበብ ይችላል። በመጀመሪያ ጎዳናው ጠበብ ያለ ሆኖ፣ ዓምዶቹም በሁለት ወገን የተጠቀለለ ራስ ያላቸው፣ አዮናዊ የሚባለውን ዓይነት የተከተሉ ነበሩ። በሁለተኛው ምዕተ ዓመት ከተማዋ ስትበለጽግ የጎዳናው ደቡባዊና መካከለኛ ክፍል እንዲሰፋ ተደረገ፤ የቀደሙት ዓምዶችም ተነሥተው በአካንቱስ ቅጠል ባጌጡ ቆሮንቶሳዊ ዓምዶች ተተኩ። ሥራው ግን እስከ መጨረሻው አልዘለቀም፤ የሰሜኑ ክፍል እስከ ዛሬ በአዮናዊ ዓምዶቹ እንደታጀበ በቀደመው ጥበቱ ቀርቷል። የከተማዋ ገንዘብ ወይም ፍላጎት የት ላይ እንደቆመ ድንበሩ በመሬት ላይ ይታያል።

ዓምዶቹ በቁመትም እኩል አይደሉም፤ ይህም የግንበኛ ጉድለት አይደለም። በገበያው መግቢያ፣ ኒምፌዮን በሚባለው በ191 በተመረቀው ታላቅ የውኃ ምንጭ ሕንፃ እንዲሁም ወደ አርጤምስ ቤተ መቅደስ በሚወስደው ደጅ ፊት ያሉት ዓምዶች ከጎረቤቶቻቸው ረዝመው ቆመዋል፤ በዓምዶቹ ላይ የተጋደመው ድንጋይም በእነዚህ ቦታዎች ከፍ ይልና አልፎ እንደገና ዝቅ ይላል። በዚህ መንገድ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ማንንም ሳይጠይቅ ከዓምዱ ቁመት የትኛው ሕንፃ ታላቅ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ከዓምዶቹ ረድፍ በስተ ኋላ በጣራ የተሸፈነ ሰፊ በረንዳ አለ፤ በረንዳው በበጋ ከፀሐይ፣ በክረምት ከዝናብ እያስጠለለ እግረኛውን በየሱቁ ደጅ ያሳልፈዋል። ከብትና ጋሪ በመሀል፣ ሰው በዳርና በጥላ የሚሄድበት ይህ አከፋፈል ለዘመናዊ ከተማ ነዋሪም የሚያስቀና ነው።

ንጣፉ ራሱ ከዓምዶቹ ያላነሰ ጥበብ ይዟል። ትላልቆቹ የኖራ ድንጋዮች ከጎዳናው አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሆነው አልተነጠፉም፤ በሰያፍ ተገጥመዋል። የድንጋዮቹ መገጣጠሚያ ከጉዞው አቅጣጫ ጋር ቢገጥም ኖሮ የጋሪው መንኮራኩር በስንጥቁ እየገባ የድንጋዩን ጠርዝ ይፈረካክስ ነበር፤ በሰያፍ ሲሆን ግን መንኮራኩሩ መገጣጠሚያውን በአንድ ነጥብ ብቻ አቋርጦ ያልፋል። እንዲህም ሆኖ የምዕተ ዓመታት ጉዞ ድንጋዩን በልቶታል፤ ሁለቱ የመንኮራኩር ዱካዎች በአንዳንድ ቦታ ጎልተው ይታያሉ። ከንጣፉ ሥር ደግሞ ሰው የማያየው ሁለተኛ ጎዳና አለ፤ እርሱም የዝናብ ውኃንና የቤቶችን ፍሳሽ የሚወስደው በድንጋይ የተገነባ ቦይ ሲሆን፣ በየተወሰነ ርቀት በንጣፉ መካከል የሚታዩት ክዳኖች ለጽዳትና ለጥገና ወደ እርሱ የሚወረድባቸው ናቸው። የቦዩ ውስጥ ደለል ለባለሙያዎቹ ሀብት ነው፤ የከተማው ሰው የጣለውና ከእጁ ያመለጠው ጥቃቅን ነገር፣ ሳንቲም፣ የሸክላ ስባሪ፣ የእንስሳት አጥንት፣ ወርዶ የሚከማቸው እዚያ ነውና።

ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጣ?

እንዲህ ያለ ሥራ እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነበር፤ ገንዘቡም ሁልጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ግምጃ ቤት አልወጣም። ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን በመባል በእኛ ዘንድ የሚታወቀው ዮሴፉስ እንደጻፈው፣ ታላቁ ሄሮድስ የሶርያ አንጾኪያን አውራ ጎዳና በተወለወለ እብነ በረድ አስነጥፎ በርዝመቱ ሁሉ በዓምድ የተደገፈ በረንዳ አሠርቶለታል፤ የገዛ ግዛቱ ላልሆነች ከተማ ይህን ያህል ማውጣቱም ለሮማ ኃያላን ያለውን ወዳጅነት የሚያሳይበት መንገድ ነበር። በአብዛኞቹ ከተሞች ግን ከፋዮቹ የአገሬው ባለጸጎች ነበሩ፤ አንዱ አሥር ዓምድ፣ ሌላው ሃያ ዓምድ እያቆመ፣ ስሙን በድንጋይ እያስቀረጸ፣ ጎዳናው በስጦታ ይረዝም ነበር።

በሶርያ በረሃ መካከል ያለችው ፓልሚራ ይህን ልማድ ከሁሉ ይልቅ ታሳያለች። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው ጎዳናዋ ላይ በርካታ ዓምዶች ከወገባቸው በላይ ወደ ውጭ የወጣ የድንጋይ መደገፊያ አላቸው፤ በዚያ ላይ የከተማዋ ነጋዴዎችና የሲራራ ንግድ መሪዎች ሐውልት ይቆም ነበር፤ ከሥሩም ሰውዬው ለከተማው ያደረገው በጎ ሥራ በግሪክኛና በፓልሚራ ቋንቋ ይጻፍ ነበር። ጎዳናው ቀጥ ያለ አይደለም፤ በተለያየ ጊዜ የተሠሩት ክፍሎቹ በተለያየ አቅጣጫ ስለሚሄዱ በሁለት ቦታ ይታጠፋል። በአንደኛው መታጠፊያ ላይ በሦስተኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የቆመው ታላቅ ቅስት መሠረቱ ሦስት ማዕዘን ተደርጎ ታንጿል፤ ስለዚህም ከሁለቱም ወገን ለሚመጣ ሰው ፊት ለፊቱን ያሳየዋል፤ መታጠፉንም ያስረሳዋል። አንድ አናጢ የተጣመመ እንጨት ሲገጥመው እንደሚዘይደው የፓልሚራም ግንበኞች ከቀደሙት የወረሱትን ችግር ወደ ጌጥነት ለውጠውታል። ይህ ቅስት በጥቅምት 2015 ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ በሚጠራው ቡድን በፈንጂ ፈረሰ፤ በጥር 2017 ደግሞ በጎዳናው ሌላ መጋጠሚያ ላይ የነበረው፣ ቴትራፒሎን የሚባለው አራት ማዕዘን የዓምዶች ሐውልት ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው።

በደቡብ ቱርክ የምትገኘው፣ ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያ የስብከት ጉዞው ያለፈባት ጴርጌን ደግሞ የስጦታው ባለቤት ሁልጊዜ ወንድ እንዳልነበረ ታስረዳለች። በንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ዘመን፣ ማለትም ከ117 እስከ 138 ባለው ጊዜ፣ ፕላንክያ ማግና የተባለች ባለጸጋ የከተማዋን ጥንታዊ የደቡብ በርና በውስጡ ያለውን ቅጥር ግቢ በራሷ ወጪ አሳድሳ በሐውልቶች አስጊጣዋለች። ከዚያ በር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚዘረጋው ጎዳና በሌላ ቦታ እምብዛም የማይታይ ነገር አለው፤ በመሀሉ በድንጋይ የታነጸ ሰፊ የውኃ ቦይ ይወርዳል። ውኃው በሰሜን ጫፍ ካለው፣ የአካባቢው ወንዝ አምላክ ምስል ጋደም ብሎ ከሚታይበት ምንጭ ሕንፃ እየፈለቀ በጎዳናው መሀል ይወርድ ነበር። በዚያ አገር የበጋ ሙቀት ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሚሰጥ ለመገመት አያዳግትም።

በስፋት ሁሉንም የምታስከነዳው የሶርያዋ አፓሚያ ናት። በ115 የደረሰ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ካወደማት በኋላ በተጀመረው ግንባታ 1,850 ሜትር ገደማ የሚረዝምና በረንዳዎቹን ጨምሮ ከ37 ሜትር በላይ የሚሰፋ ጎዳና ወጣላት፤ ሥራው ከሰሜን በር ተጀምሮ ወደ ደቡብ በሁለተኛው ምዕተ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ የተካሄደ ሲሆን፣ የዓምዶቹ ጌጥ ከክፍል ወደ ክፍል መለዋወጡ ይህንኑ ይመሰክራል። ከ1930 ጀምሮ የቤልጅግ ምሁራን በትጋት ያጠኗት ይህች ከተማ ከ2011 በኋላ በሶርያ ጦርነት ጊዜ በሕገ ወጥ ቆፋሪዎች ተወርራለች፤ በሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ ጎዳናውን ከግራና ከቀኝ የከበቡት ጉድጓዶች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ከእያንዳንዱ ጉድጓድ የወጣው ዕቃ ከየትኛው ንብርብር እንደተገኘ ሳይመዘገብ ስለተሸጠ፣ ስለ ከተማዋ ሊነግረን ይችል የነበረው ነገር ዕቃው በሌላ አገር ቢገኝ እንኳ ተመልሶ አይገኝም። ይህ ከዓምድ መፍረስ የማይተናነስ ጥፋት ነው።

የመንኮራኩር ምስክርነት

በ79 በቬሱቪዮስ እሳተ ገሞራ የተቀበረችው የጣሊያኗ ፖምፔይ ከላይ እንደተጠቀሱት ያለ ዓምዳማ ጎዳና የላትም። ነገር ግን የዕለት ተዕለት ትራፊክ እንዴት ይካሄድ እንደነበር ከእርሷ የበለጠ የሚናገር የለም። በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተነጠፈው ዋና ጎዳናዋ፣ ዛሬ ቪያ ዴል አቦንዳንሳ የሚባለው፣ በሁለት ወገን ከፍ ያለ የእግረኛ መንገድ አለው፤ አብዛኞቹ መንገዶቿ ከሥራቸው የፍሳሽ ቦይ ስላልነበራቸው ውኃው በላያቸው ይወርድ ስለነበር፣ እግረኛው እግሩ ሳይርስ እንዲሻገር በየመጋጠሚያው ረጃጅም የመሻገሪያ ድንጋዮች ተተክለዋል፤ በድንጋዮቹ መካከል የተተወው ክፍተትም የጋሪው መንኮራኩሮች በልክ የሚያልፉበት ነው።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ኤሪክ ፖለር በእነዚህ የመሻገሪያ ድንጋዮችና በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ መንኮራኩሮች የተዉትን ጭረት አንድ በአንድ አጥንቷል። ጋሪ ሲታጠፍ ጠርዙን የሚፍቀው በሚሄድበት አቅጣጫ ስለሆነ፣ ከጭረቱ በመነሣት ጋሪዎች በቀኝ በኩል የመንዳት ልማድ እንደነበራቸውና ብዙ ጠባብ መንገዶች በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዳባቸው እንደነበሩ ለማሳየት ችሏል። እርሱና ባልደረቦቹ በ2019 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ የከተማዋ ጠጋኞች የተቦረቦረውን ንጣፍ ለመድፈን የቀለጠ ብረት በቀዳዳው ያፈስሱ እንደነበር አስታውቀዋል፤ በመንገዶቹ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ የብረት ነጠብጣቦችና ቅሪቶች ተመዝግበዋል። ድንጋዩን ነቅሎ እንደገና መንጠፍ አውራውን መንገድ ለረጅም ጊዜ ስለሚዘጋ፣ ብረት ማፍሰሱ ፈጣኑ ዘዴ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ሌሊቱ ሕይወት የሚናገር ቅሪት ከኤፌሶን ተገኝቷል። ከወደቡ ወደ ታላቁ ቲያትር የሚወስደው ከ500 ሜትር በላይ የሚረዝም ጎዳና በንጉሠ ነገሥት አርቃድዮስ ስም ይጠራል፤ እርሱም ከ395 እስከ 408 የነገሠ ነው። በጎዳናው የተገኘ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ በሁለቱ በረንዳዎች ላይ መብራቶች እንደነበሩ ይገልጻል፤ በዚያ ዘመን በሌሊት ብርሃን ያለው ጎዳና ለከተማ ታላቅ ኩራት ነበር።

ዓምዶቹ ሲወድቁ፣ ጎዳናው ሲጠብ

የእነዚህ ጎዳናዎች ፍጻሜ በአንዳንድ ቦታ ድንገተኛ ነበር። በዮርዳኖስ ሸለቆ አጠገብ ያለችው፣ የንጉሥ ሳኦል ሬሳ በቅጥሯ ላይ ተሰቅሎ እንደነበር በመጽሐፈ ሳሙኤል የተጻፈላት ቤትሳን፣ በሮማ ዘመን እስኩቶፖሊስ ተብላ በዓምዳማ ጎዳናዎቿ ታውቅ ነበር። በጥር 749 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ዓምዶቹን በአንድ አቅጣጫ በጎዳናው ላይ ዘረጋቸው፤ ቆፋሪዎችም ከ1,200 ዓመት በኋላ እንደወደቁ አገኟቸው። ከፈረሱት ሱቆች ሥር የተገኘ አንድ ሳንቲም በእስልምናው አቆጣጠር 131 ዓመት የተመታ መሆኑ የአደጋውን ዓመት ለመወሰን ከረዱት ማስረጃዎች አንዱ ነው። ይህ የመሬት መንቀጥቀጥ ጀራሽንም ክፉኛ ጎድቷታል።

ከመሬት መንቀጥቀጡ በፊት ግን ሌላ ዝግ ያለ ለውጥ ሲካሄድ ነበር። ባለሱቆች ወደ በረንዳው፣ ከበረንዳውም ወደ ጎዳናው መሀል ቀስ በቀስ እየወጡ፣ በዓምዶቹ መካከል ግድግዳ እየሠሩ፣ ሰፊውን ጎዳና ወደ ጠባብ የገበያ መተላለፊያዎች ለወጡት። ፈረንሳዊው ዣን ሶቫዤ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የአሌፖንና የላታኪያን የገበያ መንገዶች አጥንቶ ለውጡን ከእስልምና ዘመን ጋር አያይዞት ነበር፤ ሪቻርድ ቡሌት ደግሞ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ግመል ጋሪን በመተካቱ ሰፊ ንጣፍ መንገድ አስፈላጊነቱ ቀነሰ ሲል ተከራከረ። እንግሊዛዊው ሂዩ ኬኔዲ በ1985 ያቀረበው ጥናት ክርክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው፤ ለውጡ ዐረቦች ከመምጣታቸው በፊት፣ በስድስተኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ እንደነበር አሳየ። ለዚህ አባባል ደጋፊ ማስረጃ አይጠፋም፤ በ438 በታወጀው የቴዎዶስዮስ የሕግ መድብል ውስጥ ሳይቀር በበረንዳዎች መካከል የተሠሩ የግል ግንባታዎች እንዲፈርሱ የሚያዝዙ ሕጎች ይገኛሉ፤ ሕግ የሚወጣውም ድርጊቱ ሲበዛ ነው። በሌላ በኩል ዐረቦቹ ገዥዎች ለጎዳናው ግድ የለሾች አልነበሩም፤ ከ724 እስከ 743 የገዛው ኸሊፋ ሂሻም በቤትሳን ዋና ጎዳና ዳር አዲስ ገበያ ማሠራቱን በሞዛይክ፣ ማለትም በጥቃቅን ባለቀለም ድንጋዮች፣ የተጻፈ ጽሑፍ ይገልጻል። በፓልሚራም በታላቁ ጎዳና መሀል የተሠራ የዚያው ዘመን የሱቆች ረድፍ ተገኝቷል፤ ይህን ገበያ ካጠኑት ምሁራን አንዱ የከተማዋን ቅርሶች ለአርባ ዓመታት የጠበቁት ኻሊድ አል አስዓድ ሲሆኑ፣ እርሳቸውም በነሐሴ 2015 የከተማዋን ቅስት ባፈረሰው ቡድን እጅ ተገድለዋል።

በጠበበው ጎዳና ላይ ግን ሰዎች መሄዳቸውን አላቋረጡም፤ ስለዚህም መስመሩ ከድንጋዩ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። በጀርመኗ ኮሎኝ ያለው ሆሄ ሽትራሰና በጣሊያኗ ቶሪኖ ያለው ቪያ ጋሪባልዲ ዛሬም የሮማውያኑን መስመር ይከተላሉ። በሐዋርያት ሥራ ሳውል ዐይኑ ታውሮ የተቀመጠበት ቤት የሚገኝበት የደማስቆ ጎዳና አሁንም አለ፤ በምሥራቅ ጫፉ ባለ ሦስት መተላለፊያው የሮማ ዘመን በር ቆሟል፤ የምዕራቡ ክፍልም ጣራ ያለው ገበያ ሆኗል። በ1930ዎቹ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ መሪነት አንጾኪያን የቆፈሩት ባለሙያዎች የጥንቱን ጎዳና ያገኙት ከዘመናዊው የኩርቱሉሽ ጎዳና ብዙ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር፤ ዘመናዊው ጎዳና በየካቲት 2023 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከነሕንፃዎቹ ፈርሷል።

ኢየሩሳሌም

ኢየሩሳሌምን ሐድሪያን ኤልያ ካፒቶሊና የሚል ስም ሰጥቶ እንደ ሮማ ከተማ መልሶ ሠራት። የአውራ ጎዳናዋን መልክ ከቁፋሮ በፊት ያሳወቀው በዮርዳኖስ ማዳባ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ያለው የስድስተኛው ምዕተ ዓመት የሞዛይክ ካርታ ነው፤ ካርታው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ሲታወቅ፣ ከሰሜኑ በር ውስጥ አንድ ዓምድ የቆመበት አደባባይ፣ ከአደባባዩም ወደ ደቡብ በሁለት ረድፍ ዓምዶች የታጀበ ጎዳና በግልጽ ታየበት። ያ ዓምድ ራሱ አልተገኘም፤ ዐረቦች ግን የደማስቆ በር የሚባለውን ያን በር እስከ ዛሬ ባብ አል ዓሙድ፣ የዓምዱ በር፣ ይሉታል፤ ከአሁኑ በር ሥርም የሮማው ዘመን በር አንዱ ቅስት ተገልጦ ይታያል።

ይህ መስመር ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ባዕድ አይደለም። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በጎልጎታ አሠርቶ በ335 የተመረቀው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን መግቢያው በምሥራቅ፣ በቀጥታ ወደ አውራ ጎዳናው ነበር፤ ምእመኑ ከገበያው ግርግር ደረጃውን ወጥቶ ወደ ቅጥር ግቢው ይገባ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በ1009 በኸሊፋ አል ሐኪም ትእዛዝ ከፈረሰ በኋላ ሲታደስ የምሥራቁ ክፍል ተመልሶ አልተሠራም፤ የኢትዮጵያውያን መነኮሳት የሚኖሩበት ዴር ሡልጣን የሚገኘው ይህ ክፍል በነበረበት ቦታ፣ ከቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ጣራ ላይ ነው። ዛሬ ኻን አል ዘይት በሚባለው ጠባብ የገበያ መንገድ አልፎ በደረጃው ወደ ገዳሙ የሚወጣ ተሳላሚ የሚሄደው በጥንቱ አውራ ጎዳና መስመር ላይ ሲሆን፣ የቆስጠንጢኖስ መግቢያ ቅሪትም በአቅራቢያው ባለው የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይታያል።

በ1970ዎቹ እስራኤላዊው ናህማን አቪጋድ በአሮጌው ከተማ ደቡብ፣ በአይሁድ ሠፈር ውስጥ ቆፍሮ የዚህኑ ጎዳና 200 ሜትር ያህል አወጣ፤ ስፋቱ ከነበረንዳው 22.5 ሜትር ነበር። ይሁን እንጂ ከንጣፉ ሥር የተገኘው የሸክላ ስባሪ የሐድሪያን ዘመን ሳይሆን ከአራት መቶ ዓመት በኋላ የመጣ ሆነ። አቪጋድ ይህን ክፍል ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በጎልጎታ ያለውን ቤተ ክርስቲያንና እርሱ ራሱ አሠርቶ በ543 የተመረቀውን ኔያ የተባለ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ለማገናኘት ያስቀጠለው ነው ሲል ደመደመ። በማዳባ ካርታ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ መስሎ የሚታየው ጎዳና እንግዲህ ሁለት ዘመናት የተካፈሉት ሥራ ነበር።

የሐድሪያንን እጅ የሚያሳየው ማስረጃ ከሌላ ጎዳና መጣ። ሽሎሚት ቬክስለር ብዶላህና አሌክሳንደር ኦን ከ2005 እስከ 2010 በምዕራባዊው ግንብ አደባባይ ባደረጉት ቁፋሮ ምሥራቃዊ ካርዶ የሚባለውን፣ ዐለቱ ተጠርቦ የተሠራለትንና የጋሪ መሄጃው ስፋት 8 ሜትር የሆነውን ጎዳና አገኙ። ከንጣፉ ሥር የተደለደለው አፈርና ቆሻሻ ሮማውያን ኢየሩሳሌምን ካጠፏት በኋላ በዚያ የሰፈረው የሮማ ጦር ዕቃ የተቀላቀለበት ሲሆን፣ በጥናታቸው መሠረት ጎዳናው የተነጠፈው በሐድሪያን ዘመነ መንግሥት መጀመሪያ ላይ፣ እርሱ በ130 አገሩን ከመጎብኘቱም አስቀድሞ ነው። ይህ ለታሪክ ጸሐፊዎች ትልቅ ነገር ነው፤ አይሁድ ከ132 እስከ 136 በሮማ ላይ ያካሄዱት የባር ኮክባ ዐመፅ ለሮማዊቷ ከተማ መመሥረት ምክንያት ነበር ወይስ መዘዙ የሚለው ክርክር ለዘመናት ሲያወዛግብ የኖረ ነውና፣ የንጣፉ ዕድሜ ከተማዋ ዐመፁ ከመነሣቱ በፊት መሠራት ጀምራ ነበር የሚለውን ወገን ይደግፋል።